በሠልስቱ የተነሣው እርግማን

ድምፃቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ከሰው ስልክ ውስጥ ነው። እሑድ ነበር። ቅዳሴ አልቆ፣ ለጸሎት በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ በረንዳ ላይ ቆመን ዳቦ ይቆረሳል። የምኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ራቅ ባለች የማዕድን ከተማ ውስጥ ነው፤ ባለቤቴና እኔ የብርድ ልብስና የመጋረጃ ሱቅ አለን። አበሻ እዚህ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከአገር የመጣ ወሬ ሁሉ እሑድ እሑድ ከዳቦው ጋር አብሮ ይታደላል።

አንዲት የማኅበራችን ሴት ስልኳን እያቀበለችኝ፣ «እስቲ እኚህን ሴትዮ ስሚልኝ! ምላስ አይደለም እኮ የያዙት፣ ምላጭ ነው!» አለች እየሳቀች።

ሳላየው ሰማሁት። «እህህ…» ብሎ ከሆድ የሚነሣ፣ ጎርነን ያለ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚወጣ ድምፅ። ያንን «እህህ» ከስንት ድምፅ መሀል ብሰማው አልስተውም። የክርስትና እናቴ ነበሩ። ሽሮ ሜዳ፣ እኛ ሠፈር፣ የእድራችን ድንኳን ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። የማላውቀው ሰው ከምስላቸው በላይ በቀይ ፊደል «ጥላቻ የምትሰብከው አሮጊት» ብሎ ጽፎባቸዋል።

ቪዲዮው አጭር ነው። ከሥሩ የተደረደረው አስተያየት ግን አያልቅም። አንዱ «ምላሷን መቁረጥ ነበር» ይላል። ሌላው «የሽማኔ ሠፈር ሴት፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። ሦስተኛው ይባስ ብሎ፣ «ኑሩልን እናታችን፣ የጀመሩትን እኛ እንጨርስልዎታለን» ይላል። ከሰዳቢዎቹ ይልቅ ያስፈራኝ ይኼኛው አመስጋኝ ነው።

«የክርስትና እናቴ ናቸው» አልኳት ሴትየዋን።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ። «ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ… ማለቴ… እንዲያው የተላከልኝን ነው» አለችና ስልኳን ተቀብላኝ ወደ አዳራሹ ገባች።

ዳቦዬን በእጄ እንደያዝኩ ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«እትዬ፣ እማማን ወሰዷቸው።»

«የት ነው የወሰዷቸው?»

«ጣቢያ።»

«ለምን? ምን አደረጉ?»

«ለለቅሶው ነው። ባወረዱት ሙሾ ነው የሚሉት። የጥላቻ ንግግር ነው ተባለ።»

እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ዳቦው በማግስቱ ቦርሳዬ ውስጥ ደርቆ ተገኘ።

የክርስትና እናቴ ፈታይ ናቸው። ቤታቸው ከቁስቋም ማርያም ቁልቁል ሲወረድ፣ የሽማኔዎቹ ግቢዎች ከሚጀምሩበት ጥግ ላይ ነው። ባዘቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው እንዝርቱን ሲያሾሩት እያየሁ ነው ያደግኩት። የሚፈትሉት ድርና ማግ ለጎረቤቶቻቸው ለሽማኔዎቹ ይሄዳል። እሳቸው ከዱሮ የአዲስ አበባ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ናቸው፤ ሽማኔዎቹ አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ፣ ዛሬ ብዙዎቹ ጴንጤ የሆኑ ናቸው። አንዱ ካላንዱ ልብስ አይወጣውም። እኛ ሠፈር ማን ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ክሩ ውስጥ ገብቶ ጠፍቶ ነበር፤ ቢያንስ እኔ ልጅ ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከፈትሉ ሌላ አንድ ሙያ አላቸው። ለቅሶ ላይ ሙሾ ያወርዳሉ። ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ የሠፈራችን ሙሾ አውራጅ የራሷን ሐዘን አታዜምም። ከቀብሩ በፊት ወደ ሐዘንተኛዋ ገብታ አጠገቧ ትቀመጥና «ምን ይወድ ነበር? ማንን ጠርቶ ሞተ? ምን ልበልልሽ?» ብላ ትጠይቃታለች። ከዚያ ወጥታ፣ ያቺ ሐዘን አንደበቷን የዘጋባትን ሴት አፍ ሆና ትቆማለች። የክርስትና እናቴ በሙሾ «ልጄ» ሲሉ የሌላ ሴት ልጅ ነው። እሳቸው አልወለዱም፤ በጥምቀት ያነሡን እኛ ነን ልጆቻቸው።

ሁለተኛ ወግም አለ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና እዩልኝ። ሙሾ ውስጥ እርግማን ይገባል። ሰው ተገድሎ እንዴት አይገባም? ነገር ግን እርግማኑ በሠልስቱ፣ ማለትም ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ በዚያችው ሴት አፍ መነሣት አለበት። ወጣት ሳሉ የንስሐ አባታቸው ናቸው አሉ ያዘዟቸው። «ሐዘንተኛ ይርገም፣ እግዚአብሔርም ይሰማዋል፣ ያዝንለታልም። ከሠልስት ካለፈ ግን ሐዘን መሆኑ ቀርቶ ቂም ይሆናል» ብለዋቸው። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ አንድም እርግማን ሳያነሡ ከሠልስት አሳልፈው አያውቁም።

ልጅ ሳለሁ አይቻለሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ጎረቤታችንን የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላት። የክርስትና እናቴ በቀብሯ ቀን የሾፌሩን እጅ፣ የመኪናውን ጎማ፣ መንገዱን ሳይቀር ረገሙ። በሠልስቱ ሽማግሌዎች አንዲት ተከናንባ የምታለቅስ ሴት ይዘው መጥተው ጥግ ላይ አስቀመጡ። የሾፌሩ ሚስት ነበረች። የክርስትና እናቴ ተነሥተው እርግማኑን በግጥም አነሡት፤ ሴትየዋ ድንኳኑ ውስጥ ውሃ ጠጣች። ዕድሜዬ ትንሽ ቢሆንም ያቺ ሴት ከተነሣላት በኋላ ብርጭቆውን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው አልረሳውም።

አሁን ወደ ሟቹ ልምጣ። ከሽማኔ ቤተሰብ የሆነች የቅርብ ጎረቤታቸው ወንድ ልጅ ነው። ነጠላና ጋቢ ይዞ ክፍለ አገር እየዞረ ይሸጥ ነበር። ለበዓል ገበያ እንደወጣ መንገድ ላይ ሰዎች መኪናውን አስቁመው፣ መታወቂያውን አይተው፣ አወረዱት። እስከነ ጋቢው ቀረ። አስከሬኑ ሽሮ ሜዳ ሲገባ የሸማ ጉድጓዶቹ ሁሉ ጸጥ ብለው፣ የመወርወሪያ ድምፅ የሚባል አልተሰማም አለችኝ እህቴ። የገደሉትን ሰዎች እስከ ዛሬ ማንም ይዞ ለፍርድ አላቀረበም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እናትየዋ አማኝ ናት፤ ጴንጤ። ቤተ ክርስቲያኗ ሙሾ አይፈቅድላትም፤ ወንድሞችና እህቶች መጥተው መዝሙር እየዘመሩ ሊያጽናኗት ድንኳኑን ሞልተውታል። የክርስትና እናቴ ሲገቡ ግን እጃቸውን ይዛ፣ «እማማ፣ እነሱ ‘አታልቅሺ፣ እሱ ጌታ ጋር ነው’ ይሉኛል። ጌታ ጋር መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ሆዴ ነደደ። እርስዎ ያልቅሱልኝ» አለቻቸው።

«ምን ልበልልሽ?» አሏት።

«የገደለው አገር ዝናብ እንዳያገኝ ይበሉልኝ።»

አሉላት። እንዲህ ነው ያሉት፦

ልጄን የበላ አገር፣ ዝናብ አይጣልበት፣
እርሻው ዳዋ ይልበስ፣ እህል አይብቀልበት።

«ልጄን የበላ አገር» ባልኩበት ቦታ እሳቸው የአገሩን ስም ጠርተዋል። እኔ አልጽፈውም። እነሆ፣ የጥላቻ ንግግር ሕጉ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ተሻግሮ እኔም እጅ ላይ አርፏል። ጠንቃቃ ነኝ፤ እህት አለኝ፣ የእህት ልጆች አሉኝ፣ ነገ ለቁስቋም ክብረ በዓል አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። ስለዚህ የሞተው ልጅ የሞተበትን አገር ስም ለመጻፍ ፈራሁ። መፍራቴን ግን አልደብቅም።

ያንን ሁለት ስንኝ ለቅሶ ላይ ከነበሩት አንዱ በስልኩ ቀረጸውና ለቀቀው። የቀረጸው ምናልባት ከልቡ አልቅሶ ይሆናል። ከእሱ የወሰደው ሌላ ሰው ግን ከፊትም ከኋላም ቆርጦ፣ ያንን ቀይ ጽሑፍ ለጠፈበት። በሠልስቱ ሕዝቡ ሳስቷል፤ ድንኳን ውስጥ የቀሩት የቅርብ ጎረቤቶችና ጥቂት ዘመዶች ናቸው። እህቴ መድኃኒት ቤት ተረኛ ስለነበረች አልነበረችም። ከእናትየዋ እንደሰማሁት የክርስትና እናቴ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

እዚያም እናት አለች፣ እንደኔ ልጅ ያላት፣
ዝናቡም ይጣልላት፣ እህሉም ይብቀልላት።

እናትየዋ በስልክ ስትነግረኝ ዜማውን ትታ ቃሉን ብቻ ነው ያለችኝ፤ እኔም ጻፍኩት እንጂ አላዜምኩትም። «መጀመሪያ ከፋኝ» አለችኝ። «‘ማን አንሡልኝ አላቸው?’ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ያን ዕለት እህል ቀመስኩ።»

በማግስቱ ፖሊስ መጣ።

ሕጉ ሲወጣ የተደሰትኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ይታወቅልኝ። ጥላቻ ምን እንደሆነ የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እዚህ የምኖርበት ከተማ ውስጥ አንድ ጠዋት የሱቃችን በር ፊት ሰው ተሰብስቦ «ውጡልን!» ብሎ ሲዘፍን፣ ከባለቤቴ ጋር የብርድ ልብስ ክምር ጀርባ ተቀምጠን ውዳሴ ማርያም ደግመናል። ከዚያ ቀን በፊት ለወራት በየሬዲዮው፣ በየስልኩ ስለ እኛ የሚባለውን ሰምተናል፤ መጀመሪያ ቃሉ መጣ፣ ድንጋዩ በቃሉ መንገድ ተከትሎ መጣ። ልጅ ሳለሁም ከሽማኔዎቹ ልጆች ጋር ከትምህርት ቤት ስንመለስ ምን ምን ይባሉ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ስለዚህ በአገሬ የጥላቻ ንግግር የሚከለክል አዋጅ ወጣ ሲባል፣ «ተመስገን፣ ዘግይቶም ቢሆን» ያልኩ ነኝ። ዛሬም እንዲህ ያለ ሕግ አያስፈልግም አልልም።

ታዲያ ለማን ወጣ? ሰውን ከመኪና አውርዶ መታወቂያ ያየው አልተያዘም። ቪዲዮውን ቆርጦ ቀይ ጽሑፍ የለጠፈው አልተያዘም። «ምላሷን መቁረጥ» ያለው፣ «የሽማኔ ሠፈር» ያለው፣ «እኛ እንጨርሰዋለን» ያለው አንዳቸውም አልተያዙም። እንዝርት ይዘው ደጃቸው ላይ የተቀመጡት፣ አድራሻቸው የማይጠፋው፣ የማይሮጡት አሮጊት ተያዙ። ሕግ ማለት ቅርብ ያለውን መያዝ ነው እንዴ? መድኃኒት የሚፈልገው አልጋ ላይ እያለ፣ መርፌው በር ላይ ለተገኘው ጠያቂ ይወጋል?

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ በጦርነት ለወደቀ ወዳጁ ሲያለቅስ ተራራውን ዝናብ አይውረድብህ ብሎ የረገመ ንጉሥ አለ። እኛ በቤተ ክርስቲያን እናነበዋለን፤ ጴንጤዎቹም ያነቡታል። ዛሬ ቁስቋም ቁልቁል ወርዶ ቢያለቅስ ጣቢያ ያድር ነበር ማለት ነው።

ጠበቃቸው ትሁት ሰው ነው፤ በስልክ አነጋግሬዋለሁ። «እህቴ፣ አዋጁ መውጫ አለው» አለኝ። «ለጥናት፣ ለዜና፣ ለኪነ ጥበብ፣ ለሃይማኖት ትምህርት ቦታ ትቷል።»

«እንግዲያ ሙሾ ኪነ ጥበብ አይደለም?»

«እኔ ነው እላለሁ። ዐቃቤ ሕግ ግን ‘መድረክ ላይ አይደለም፣ ገጣሚም አይደሉም፣ አንድን ሕዝብ ለይተው ነው የረገሙት’ ይላል።»

«ድንኳን ውስጥ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ሆቴል ውስጥ ማይክ ይዘው ቢሉት ነፃ ነበሩ?»

«እንዲያ ሲባል ያሳፍራል» አለኝ። «ለእኛ ዋናው ነገር ግን የሠልስቱ ነው። እርግማኑን ሲያነሡት የሰማ ሰው ከቀረበ፣ ለመቀስቀስ ሳይሆን ለሐዘን እንደተናገሩ ይታያል። ከእናትየዋ ሌላ ምስክር ያስፈልገኛል። እሷ ‘ይበሉልኝ ያልኩት እኔ ነኝ’ ብላ ልትመሰክር ተነሥታለች፤ ወይ አያምኗትም፣ ወይ እሷንም ይከሷታል።»

«እሳቸው ራሳቸው ለምን ለመርማሪው አልነገሩትም?»

«እሱን እንኳ ከራሳቸው ቢሰሙት ይሻላል» አለ፤ ሲስቅ ይሁን ሲያዝን አልለየሁም።

በዋስ ሲወጡ ደወልኩላቸው። ድምፃቸው ደክሟል፤ ነገር ግን ቁጣቸው ደህና ነበር።

«እማማ፣ እንዴት አደረጉዎት?»

«ደህና ናቸው፤ ሻይ ሰጥተውኛል። የሚገርምሽ ግን ግጥም የሚባል ነገር አያውቁም! ያ መርማሪ ወረቀት ይዞ፣ ‘እርሻው ዳዋ ይብላው ብለዋል?’ አይለኝም! ‘አላልኩም’ አልኩት። ደስ አለው መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን አነሣ። ‘ዳዋ ይልበስ ነው ያልኩት። ይብላው ካልክ ስንኙ ይሰበራል። ማነው እንዲህ አበላሽቶ የጻፈው?’ አልኩት።»

«ወይኔ እማማ! አመኑለት ማለት እኮ ነው።»

«ያልኩትን አላልኩም ልበል? በዚህ ዕድሜዬ?»

«እሺ፣ የሠልስቱንስ ለምን አልነገሩትም?»

«‘ቀጥሎ ምን አሉ?’ አለኝ። ‘ቀጥሎ ያለው በሠልስቱ ተብሏል፣ ድንኳን የነበሩትን ጠይቅ’ አልኩት። ‘አይ፣ እርስዎ አሁን ይበሉልኝ’ አለኝ። ‘ልጅ አለህ?’ አልኩት። ‘ሁለት’ አለ። ‘እንግዲያስ ሬሳ በሌለበት ቤት ሙሾ አላወርድብህም፤ ሟርት ነው። ልጆችህን ይጠብቅልህ’ አልኩት። እሱም ጻፈ።»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«እኔ ምን አውቄ! ይፈርሙ አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

ጠበቃው ምን ተብሎ እንደተጻፈ ነገረኝ። «ተጠርጣሪዋ ቀሪውን ለመናገር ፈቃደኛ አልሆኑም።» ለመርማሪው ልጆች ሳስተው ዝም ያሉት በወረቀት ላይ እልኸኝነት ሆኖ ተቀመጠ። ችሎት ፊትም እንደማይሉት ነግረውኛል። ለመንኳቸው፤ ጠበቃውም ለመናቸው፤ የዛሬው የንስሐ አባታቸውም «ቃሉን ያለ ዜማ ብትናገሪው አያስነውርም» አሏቸው። «አባቴ፣ ያነሣሁትን አንዴ አንሥቻለሁ» ብለው ዘጉት። በዚህ አልቆጣባቸውም። ለራሳቸው ለመትረፍ ሲሉ የሚተዉት ወግ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ለሌላ ሴት አፍ ሊሆኑ አይችሉም ነበር።

ስለዚህ ነገሩ የቀረው ድንኳን ውስጥ በነበሩት ሰዎች ላይ ነው። እኔም ከዚህ ሆኜ መደወል ጀመርኩ። አንዷ ጎረቤታችን፣ ያሳደገችኝ ልበል፣ ድምፄን ስትሰማ እልል ልትል ደረሰች፤ ጉዳዩን ሳነሣ ግን ቀዘቀዘች።

«እኔ እኮ ልጄ፣ ጓሮ ንፍሮ ሳማስል ነበር፤ ምንም አልሰማሁ።»

«እትዬ፣ ንፍሮ የቀብሩ ቀን ነው። እኔ የምጠይቅዎት የሠልስቱን ነው።»

«እንግዲህ ዕቃ ሳጥብ ይሆናላ!»

ሌላኛው፣ የእድሩ ሹም፣ «ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ፣ አልክድም» አለኝ። «ግን እናንተ ውጭ ሆናችሁ ‘መስክሩ’ ማለት ይቀላችኋል። ነገ ‘ስትሰማ ለምን ዝም አልክ? ድንኳኑ የማን ነው?’ ቢሉኝ እድሩ ይዘጋል። ይኼ ሁሉ ሕዝብ የት ይቀበራል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔ ውጭ ነኝ። ግን እድር መጀመሪያስ ለምን ተቋቋመ? ለቀብር ብቻ ነው እንዴ? ሰው በቁሙ ሲቀበር ዝም የሚል እድር፣ ሲሞት ድንኳን ቢተክል ምን ሊያደርግለት ነው?

ከዚያ በኋላ ሠፈራችን ውስጥ ሌላ ለቅሶ ነበር። እህቴ ደርሳ መጥታ ነገረችኝ። ድንኳኑ በር ላይ ቅርጫት ተቀምጧል፤ ለቀስተኛው ስልኩን እዚያ እየጣለ ይገባል። «ሙሾ አይወርድም» ተብሎ ተነግሯል። የክርስትና እናቴ ጥግ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ማንም ዐይናቸውን አያይም። የሟች ሚስት መሬቱን እያየች ዝም ብላለች፤ ሌላውም ዝም፤ የሚሰማው የወንበር ድምፅ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ሆስፒታል ወረፋ የምንጠብቅ ነበር የምንመስለው» አለችኝ። በደጉ ጊዜ የረገመውም የታረቀውም እዚያው ድንኳን ውስጥ ይወጣለት ነበር። አሁን ሰዉ ያንን ሁሉ በሆዱ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ የሚያወርደውን እርግማን ማን እንደሚያነሣለት እኔ አላውቅም። ጥላቻን አጠፋሁ የሚል ሕግ ይህን አስቦበት ይሆን?

ዳኛው «ይከላከሉ» ብለዋል። ቀጠሮው ቀርቧል። ካልቀናቸው እስር ነው የሚጠብቃቸው፤ እሳቸውም በዚህ ዕድሜያቸው እስር ቤት ከገቡ እንደማይወጡ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው፤ በሠልስቱ ዕለት እዚያ ድንኳን ውስጥ ለነበራችሁት።

ዕለቱን አልረሳችሁትም። እናትየዋ እንደነገረችኝ ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ በኩል ዝናብ ወርዶ ሸራው ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ተነሥታችሁ በአጣና ከሥር ስትገፉት ውሃው በጎን ዝርግፍ ብሎ ወረደ፤ አንዳችሁ ጫማችሁ ራሰና «ይኼው፣ እርግማኑ ገና ሳይነሣ ዘነበ!» ብላችሁ ሐዘንተኛዋን ሳይቀር ፈገግ አሰኛችኋት። የክርስትና እናቴ የተነሡት ያኔ ነው። የአጣናው ሰዎች፣ እናንተ ከሁሉም በላይ ቅርብ ነበራችሁ። ቀልዱን የቀለድከው ወንድሜ፣ አንተ ሰምተሃል። ሻይ ስታዞሩ የነበራችሁ ሴቶች፣ ትሪውን አስቀምጣችሁ እንዳዳመጣችሁ ተነግሮኛል። ከወዲያኛው ቤተ ክርስቲያን የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሙሾ አትወዱም፤ ነገር ግን ስለ ይቅርታ የተባለውን ሰምታችሁ «አሜን» ብላችኋል። አሜን ያላችሁበትን ቃል ዳኛ ፊት መድገም ኃጢአት ነው?

ስልኩን ይዞ የነበረም ካለ፣ ካላጠፋኸው አታጥፋው። ከሁሉም ስልክ መሀል አንዱ ሙሉውን ይዞ ይሆናል።

እርግማኑን አላሉም ብላችሁ መስክሩ አላልኩም፤ ብለዋል። ደግ ሴት ናቸው ብላችሁም አትመስክሩ። የሠልስቱ ዕለት ምን እንደሰማችሁ ብቻ ተናገሩ። የእህቴን ቤት ታውቁታላችሁ፤ ከሽማኔዎቹ ግቢ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር ነው፤ ቀኑንና ችሎቱን እሷ ትነግራችኋለች። በቀን ኑ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ኑ፣ ብቻችሁን መምጣት የፈራችሁም ከእናትየዋ ጋር ኑ። እሷ ልጇን ቀብራ እንኳ ልትመሰክር ትሄዳለች።